እግር ማጠብም ያኮራል

ስለ ስርቆት ሲሰበክ ሰው መሬት መሬት ያያል። ስለ ሐሜት ሲሰበክ ነጠላውን ወደ አፉ ይስባል። ስለ ትዕቢት ሲሰበክ ግን ዞር ብሎ ጎረቤቱን ያያል። እናንተ እንዴት እንደሆናችሁ አላውቅም፤ እኔ ግን አርባን ተሻግሬ፣ የልጆች ግብረ ገብ አስተማሪ ተብዬ፣ እስካለፈው ገና ድረስ እንደዚያው ነበርኩ።

ካህኑ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆመው የናቡከደነፆርን ነገር ያነሳሉ። ያችን ታላቅ ባቢሎን በክንዴ ሠራኋት ብሎ በሰገነቱ ላይ ሲንጎራደድ፣ ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ አእምሮው ከራሱ ወጥቶ፣ ከሰው ተለይቶ፣ እንደ በሬ ሣር ሲግጥ ይተርካሉ። ሕዝቡ ከንፈሩን ይመጥጣል። እኔ በልቤ ሣሩን የማበላው ሰው እመርጣለሁ። አንዴ ለአንዲት ማኅተም ያመላለሰኝን ሹም አስግጠዋለሁ፤ አንዴ የባሌን እህት፣ በሰርግ ቤት ከኔ በላይ ስለተቀመጠች ብቻ፣ መስክ ላይ አሰማራታለሁ። ለነገሩ የላስታ ሣር ለበሬውም አልበቃ፤ ለትዕቢተኛው ሁሉ ይብቃ ቢባል ከየት ይመጣል?

የኔ ስሕተት ትዕቢት መልኳ አንድ ብቻ መስሎኝ መኖሬ ነበር። በበቅሎ ተቀምጣ፣ ካባ ደርባ፣ አጃቢ አስከትላ የምትመጣ። እንዲያ ሆና ብትመጣማ ማን ያጣታል! ጎንበስ ብላ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ሳፋ ይዛ፣ «አባቴ እግርዎን ላጥብዎት» እያለች ትመጣለች ብሎ ማን ጠረጠረ?

እኔ አልጠረጠርኩም። አሁን ግን ጎንበስ ያለ ሰው ሳይ እፈራለሁ። በተለይ ጎንበስ ያልኩት እኔ ስሆን።

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። በላሊበላ ከገና በፊት ያሉትን ቀናት የማያውቅ ካለ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ምእመኑ ከየአገሩ ይመጣል። መኪና ያገኘ በመኪና፣ ያላገኘ ወይም አልፈልግም ያለ በእግሩ። መንገዱ እንዲህ አስጊ በሆነበት ዘመን እንኳ አልቀረም። በሙጃ በኩል፣ በብልባላ በኩል፣ በገነተ ማርያም በኩል አቧራ ለብሶ፣ ስንቁን ተሸክሞ፣ እየዘመረ ይገባል። የከተማው ሰው ደግሞ ወጥቶ ይቀበለዋል፤ ቆሎውን፣ ንፍሮውን፣ ጠላውን ያቀርባል፤ ከሁሉ በፊት ግን እግሩን ያጥበዋል። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቦ የለ? እኛም ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው ይሄንኑ ነው። ይህን ሥራ ያልሠራች ሴት ገና ያለፋት ይመስላታል።

መልካም ሥራ ነው። እግዜር ይወደዋል። ሴቶች ለብቻቸው ሲቀመጡ ምን እንደሚባባሉ ግን ልንገራችሁ።

«የኔዎቹ ከጎንደር ናቸው።»

«ውይ፣ ተባረኪ! በእግራቸው?»

«ግማሹን በመኪና።»

«እህ።»

ያቺን «እህ» የሰማ ሰው ጦር አያስፈልገውም። እንግዳው የመጣበት በራቀ ቁጥር፣ እግሩ በቆሰለና ንቃቃቱ በሰፋ ቁጥር፣ የአጣቢዋ ክብር ከፍ ይላል። ጫማ አድርጎ የመጣ ወጣት ቢገጥማት ፊቷ የሚጠቁር አለች። እኔ ራሴ አንዱን ካልሲ የለበሰ ምስኪን «ወንድምዬ፣ ለሌላ ሰው ቦታ ልቀቅ» ብዬው አውቃለሁ። ትሕትናን እንደ ገበያ ዕቃ እየመዘንን፣ «የኔ ይበልጣል፣ ያንቺ ያንሳል» እንባባል ነበር እኮ!

ከሁሉ በላይ የኮራሁበት ግን ውሃዬ ነው። የታኅሣሥ ጠዋት በኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ውሃ አጥንት ይሰብራል። ሌሎቹ በጄሪካን ቀድተው እንዳለ ሲያጥቡ፣ እኔ በብረት ድስት አሙቄ ማጠብ ጀመርኩ። ሐሳቡ የኔ ነው። እንግዶቹ መረቁኝ። ስሜ ተሰማ። «ያቺ በሙቅ ውሃ የምታጥበው አስተማሪ» ተባልኩ። ባሌ አንድ ቀን እየሳቀ «ትርንጎ፣ ዘንድሮ እንግዳ ልታጥቢ ነው ወይስ ገብስ ልትቀቅይ?» ቢለኝ፣ ሦስት ቀን አኮረፍኩት። ቀልዱ ትንቢት ነበር ለካ።

ያለፈው ገና ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ረፋድ ላይ፣ ከገነተ ማርያም በኩል አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ብቅ አሉ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ዝም ያሉ። ዱላቸውን ተደግፈው ቀስ እያሉ ይራመዳሉ። ጫማ የላቸውም። ጭንቅላታቸው ላይ ቢጫ ቆብ አለ። ቢጫ ደግሞ፣ መቼም ታውቃላችሁ፣ ዓለምን ንቀው በረሃ የገቡ ባሕታውያን የሚለብሱት ቀለም ነው።

«ባሕታዊ!» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

መንገዱ ዳር የነበርነው ሴቶች ሁሉ ቀጥ አልን። ከሁላችን ፈጥና የደረሰችው ጎረቤቴ እትዬ ጥሩዬ ነበረች። ከኔ በጥቂት ዓመት ትበልጣለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጠላ እየጠመቀች የምትኖር፣ ቃሏ አጭር፣ እጇ ፈጣን ሴት ናት። ሽማግሌውን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ «አባታችን፣ እንኳን በሰላም ገቡ፤ በዚህ ይቀመጡልኝ» እያለች ወደ ድንጋይ መቀመጫዋ ስታመራቸው ደረስኩ።

እንግዳ መቀማት በኛ ዘንድ ነውር ነው። ነውርነቱን ከማንም በላይ የማስተምረው እኔ ነኝ። ግን ቢጫው ቆብ ዓይኔን ያዘው።

«እትዬ ጥሩዬ፣ እኚህን አባት ብርድ በልቷቸዋል» አልኩና ክንዳቸውን ያዝኩ። «ያንቺን ቀዝቃዛ ለጉልማሶቹ አቆዪው፤ የኔ የሞቀ ነው።»

ሽማግሌው በሁለት ሴት መካከል ሆነው አንዴ እሷን አንዴ እኔን አዩ። ጎተት አደረግኳቸው፤ መጡ። ጥሩዬ አልታገለችኝም። ከኋላዬ ተከትላ መጥታ ሳፋዬን አየችና፣

«ትርንጎ፣ ይጨሳል እኮ! በረድ በይበት» አለች።

«አንቺ፣ የሚጨሰው ውሃው ነው ሆድሽ?» አልኳት።

ሴቶቹ ሳቁ። ጥሩዬ ነጠላዋን አስተካክላ ፈቀቅ አለች።

በኋላ ሳስበው፣ በመጽሐፉ ውስጥ ለትዕቢተኛ ሁሉ አስቀድሞ የሚነግረው ይላክለታል። ለፈርዖን ሙሴ ተላከለት፤ ለናቡከደነፆር ዳንኤል ነገረው። ማንም ሳይነገረው አልወደቀም። ለኔ የተላከችልኝ እትዬ ጥሩዬ ነበረች። ችግሩ ነቢይ ጎረቤትሽ ስትሆን ነቢይ አትመስልሽም፤ ምቀኛ ነው የምትመስልሽ።

ሽማግሌው እግራቸውን አነሱና ሳፋው ውስጥ ከተቱት። ሁለቱንም። እንፋሎቱ ወደ ጉልበታቸው ወጣ። ፊታቸውን አየሁት፤ ቅንድባቸው እንኳ አልተነቃነቀም። ልክ ቄጤማ ላይ እንደቆመ ሰው ረጋ ብለው ተቀመጡ። ያን ጊዜ ነው አንዷ እልል ያለችው። ሌላዋ ተቀበለቻት። «እሳት የማይነካው ሥጋ!» አለች አንዲት አሮጊት፤ «ሠለስቱ ደቂቅን አየሁ!» ብላ ተንበረከከች።

እኔም እጄን ከተትኩ። አቃጠለኝ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ እስከ ክርኔ ነዘረኝ። ላወጣው ስል እልልታው አለ፤ የሴቶቹ ዓይን አለ፤ የሽማግሌው ረጋ ያለ ፊት አለ። እሳቸው ከቻሉት እኔ ልሸሽ? ጥርሴን ነክሼ አጠብኩ። ከተረከዝ እስከ ጣት፣ እያንዳንዱን ንቃቃት። እጄ እንደ በርበሬ ቀላ። ሳቄ ግን ከፊቴ አልጠፋም። እንደዚያን ቀን በሕይወቴ ትሑት የሆንኩበት ቀን ያለ አይመስለኝም ነበር።

አጥቤ ስጨርስ ውሃውን ልደፋው ብል ማን ይስጠኝ! በጣሳ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ በመዳፍ ተቀራመቱት። ፊታቸውን ያበሱበት አሉ፤ ለታመመ ሰው የያዙት አሉ። እኔም ሽማግሌውን ደግፌ ቤቴ አስገባኋቸው፤ እግራቸውን ቅባኑግ ቀባሁላቸው፤ ጋቢ አለበስኳቸው። ደክሟቸው ነበርና ንፍሮ ቀምሰው ተኙ። «ቅዱስ ሰው ቤቴ አድሮ ሊውል ነው» እያልኩ በሬ ላይ ቆሜ የመጣውን ሁሉ እቀበል ነበር። «ዝም በሉ፣ አባታችን ዐርፈዋል» ስል ድምፄን የሰማ የቤተ ክርስቲያን አለቃ የተሾምኩ ይመስለዋል።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት የሩቅ ዘመድ እግራቸውን ልትሳለም መጣች። እሷን ደጅ አቁሜ ልቀሰቅሳቸው ገባሁ። ጋቢውን ከእግራቸው ላይ ገለጥ አደረግኩ።



እግሩ ውሃ ቋጥሮ አብጧል። የጣቶቹ መካከል ተልጧል። የተረከዙ ቆዳ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተላቆ ጋቢው ላይ ቀርቷል። ሽማግሌው ነቅተው ጣራ ጣራ ያያሉ፤ ፊታቸው ላይ አንዳች የሕመም ምልክት የለም። «ደኅና አደርሽ ልጄ» አሉኝ።

ልጮህ ይገባኝ ነበር። ሰው ልጠራ ይገባኝ ነበር። ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ? ጋቢውን መልሼ አለበስኳቸው፤ ወጣሁና ለሴትዮዋ «አባታችን ሱባኤ ይዘዋል፤ ሰው አያነጋግሩም» አልኳት። ከዚያ በሩን ከውስጥ ዘግቼ፣ ጀርባዬን አስደግፌ ቁጭ አልኩ።

ፍርሃት ብዙ ዓይነት ነው። የኔ መጀመሪያ የሰው ፍርሃት ነበር፤ «ምን ይሉኛል» የሚለው። እየቆየ የእግዜር ፍርሃት ሆነ። ሄሮድስ ትዝ አለኝ። ልብሰ መንግሥቱን ለብሶ ሲናገር ሕዝቡ «ይህስ የሰው ድምፅ አይደለም» ብሎ ጮኸለት፤ እሱም ጭብጨባውን ዝም ብሎ ተቀበለ፤ በዚያው ትል በላው። ስሰማው የኖርኩት ነው። ያን ቀን ግን የሰውዬው ኃጢአት ምን እንደሆነ ገባኝ። ምንም አላደረገም እኮ! እልል ሲሉለት ዝም አለ፣ በቃ። እኔስ? እጄን አየሁት። ከአንጓዬ በታች ቆዳው መላላጥ ጀምሯል። ትል የፈለግኩ ይመስል አገላብጬ አየሁት።

በሩን ያስከፈተችኝ ጥሩዬ ናት። ለእንግዳዬ ትኩስ ንፍሮ ይዛ፣ እንደዚያ ሰድቤያት እንኳ፣ መጣች። ሱባኤ ብላት አልሰማችኝም። «ተሳልሜ እወጣለሁ» ብላ ገባች፤ ጎንበስ አለች፤ ጋቢውን ገለጠች። ለረጅም ጊዜ አልቀናችም።

«ትርንጎ፣ ይሄ እግር ተቀቅሏል» አለች በመጨረሻ።

«ቀስ በይ፣ ደጅ ሰው አለ።»

«ሰው? ኧረ የሰው ያለህ!» ብላ ደጁ ድረስ ጮኸች። «ቃሬዛ አምጡ! እኚህ ሰው ተቃጥለዋል!»

በቃሬዛ አድርገን ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ከተማው በምእመን ተሞልቷል፤ መንገድ የለም። ነገሩን ያልሰማው «ቅዱሱ አባት ናቸው» እያለ ቃሬዛውን ይሳለማል። እኔ ከኋላ እየሄድኩ መሬት እንድትከፈት እመኛለሁ፤ ዳታንና አቤሮንን የዋጠች መሬት ናትና አቅም አታጣም። አልተከፈተችም። እግዚአብሔር ሰውን ሁልጊዜ በአንድ ጊዜ አይውጠውም፤ አንዳንዱን እያየ እንዲሄድ ያደርገዋል።

ነርሷ ወጣት ናት። እግራቸውን አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«አባባ፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?»

«አለ ብለውኛል።»

«መድኃኒትዎስ?»

«እቤት ተውኩት። ወደ ቅዱስ ቦታ እየሄድኩ ኪኒን ልያዝ?»

«እግርዎን አያምዎትም?»

«እሱማ ከተኛ ቆየ፤ አይሰማውም» አሉ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ። «እሾህ ቢወጋኝ እንኳ ደሙን ሳይ ነው የማውቀው።»

ጥሩዬ ዞር ብላ አየችኝ። ብትሰድበኝ በወደድኩ።

በዚያው ሁሉም ነገር ተፈታ። ባሕታዊ አልነበሩም። አያ ደሳለ ይባላሉ፤ የመንዝ ገብስ ገበሬ ናቸው። «ከመሞቴ በፊት ካህናቱ በገና ለት ከዓለቱ ጫፍና ከታች ሆነው ሲያሸበሽቡ ልይ» ብለው ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጡት። ቢጫው ቆብ ደግሞ የልጅ ልጃቸው ለብርድ የሠራችላቸው ነው፤ የተገኘው ክር ቢጫ ነበረ። ዝም ያሉት ደክሟቸው ነው። ቅድስናቸውን የሠራነው እኛ ነን፤ ከክርና ከድካም።

ነርሷ ወደ ጎን ወስዳ ነገረችኝ። የስኳር ሰው ቁስል እንደሌላው ሰው ቁስል አይደለም፤ ካመረቀዘ መጀመሪያ ጣት ይሄዳል፤ ከጣት ካለፈ «ከዚህ ነው የሚቆረጠው» ብላ በእጇ ከባቷ በታች አሳየችኝ። ከዚያም ካለፈ አላሳየችኝም።

ወደ ነፍስ አባቴ ሮጥኩ። በበዓል ሰሞን ካህን ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ከማሕሌት ሲወጡ ጠብቄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«አባቴ፣ ንስሐ ይስጡኝ። ስግደት ይዘዙኝ። ብዙ ይዘዙኝ፤ ሌላ ሰው የማይችለውን» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ገለጡ። «ስግደቱን ለማን ልታወሪው ነው?»

ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብኩ።

«ሂጂና ያንን እግር እጠቢ» አሉ። «አስታማሚ ሁኚ። በሩን ዝጊ። ማንም አይይሽ፤ ለማንም አትንገሪ። እስኪድን ወይም…»

«ወይም?»

«እስኪቆረጥ» አሉና መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉት። ብርዱ እስከ ልቤ ገባ።

አያ ደሳለን ቤቴ መልሼ አስተኛኋቸው፤ አጠባውን ነርሷ አሳየችኝ። ውሃው ፈልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ጨው ይገባበታል። መጀመሪያ በክርንሽ ትሞክሪዋለሽ፤ ልክ የአራስ ልጅ ውሃ እንደሚሞከር። እኔ አሥር ጊዜ እሞክረው ነበር ብል አትታዘቡኝ። ፋሻውን ዙር በዙር እፈታለሁ። የመጨረሻዋን ዙር ከመፍታቴ በፊት ዓይኔን ጨፍኜ እቆያለሁ። ሽታው ከትናንት ብሷል? ቀለሙ ጠቁሯል? ቀዩ ወደ ላይ ወጥቷል? ከዚያ በፊት ስንቱን እግር ሳጥብ እግሩን አይቼው አላውቅም ነበር፤ የማየው አጣቢዋን ነበር። አሁን ግን የዚህን ሰውዬ እግር እያንዳንዱን ጥፍር ከልጄ ፊት ይበልጥ አውቀዋለሁ። የግራው ትንሿ ጣት በየቀኑ እየጠቆረች ሄደች። አያ ደሳለ አይሰማቸውም፤ እኔ ግን ሌሊት የራሴ ትንሽ ጣት እየነዘረኝ እባንን ጀመር።

የገና ዕለት ጠዋት ከተማው በከበሮ ተናወጠ። ሰው ሁሉ ወደ ታች፣ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ ወርዷል። አያ ደሳለ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ይሰማሉ። ያን ሁሉ አገር አቋርጠው የመጡለት ነገር ከግድግዳው ወዲያ ነው፤ የሚደርሱበት እግር ግን እኔ ጉልበት ላይ ነው። ፋሻውን እየፈታሁ እንባዬ ሳፋው ውስጥ ጠብ ጠብ አለ።

«ተይ፣ ልጄ፤ ጨዉ ይበዛል» አሉኝ።

ሳላስበው ሳቅኩ። ሳቄ ድፍረት ሰጠኝ መሰል፣ ስፈራው የነበረውን ጥያቄ ጠየቅኳቸው።

«አያ ደሳለ፣ ያን ዕለት ውሃው ሲጨስ አላዩትም?»

ከበሮው ከሩቅ ይመታል።

«አየሁት እንጂ» አሉ።

«ታዲያ ምነው እግርዎን አላወጡ?»

«እልል እየተባለልኝ?» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ልጄ፣ እኔ በዕድሜዬ እልልታ የሰማሁት በሰርጌ ለት ነው። እሱም ለሙሽሪት ይሁን ለኔ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ያን ቀን ግን ለኔ መሆኑን አየሁ። አሮጊቷ ስትንበረከክ አየሁ። ‹ይሄ ውሃ ሳያቃጥል አይቀርም› አልኩ በሆዴ፤ ‹ቢሆንም ትንሽ ልቆይ› አልኩ።»

ለካ አንድ ሳፋ ውስጥ ሁለት ትዕቢት ነው የተቀቀለው። እኔ የእሳቸውን ቅድስና ስሰርቅ፣ እሳቸው የኔን እልልታ ሲሰርቁ፣ መካከል ላይ ያለው እግር ምን በወጣው! ስለ ሁለታችን የተቃጠለው እሱ ነው፤ የማይሰማው እሱ ነው።

«እግዜር ይቅር ይበለን» አልኩ።

«እኔንስ በእግሬ ይቅር ብሎኛል፤ አንቺን በምን እንደሚልሽ አላውቅም» አሉ። ሊያጽናኑኝ ነው የተናገሩት። እኔ ግን ሌላ ሳምንት ሙሉ ከዚያች ቃል ጋር ተኛሁ፣ ከዚያች ቃል ጋር ተነሳሁ።

ትንሿ ጣት ተቆረጠች። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ወስደናቸው ነው የተቆረጠችው፤ ሐኪሙ የቀረው እግር ለጊዜው ተርፏል፣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል አለን። «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ይዤ ተመለስኩ። ስንመለስ እኔም ጥሩዬም ተራ በተራ አስታመምናቸው። እሷ ንስሐ ሳይታዘዝባት፣ ዝም ብላ፣ ጠላዋን ጥላ።

አገራቸው የሚሄዱበት ቀን ሲደርስ የሰፈሩ ሴቶች ሊሸኟቸው መጡ። ገበሬ መሆናቸውን ነግረናል፤ ስኳሩንም ነግረናል፤ አልተቀበሉንም። ያ ውሃ የአንዷን ራስ ምታት አድኗል፤ የሌላዋን ላም ወተት መልሷል። ቅዱሱ የኛን ኃጢአት በእግራቸው ተሸከሙ ተባለ። ያን ጊዜ የነፍስ አባቴን ትእዛዝ ጣስኩ። ሰው ሲሳሳት ዝም ማለትም ሌላ ውሸት ነው ብዬ መኪናው አጠገብ ቆሜ ተናገርኩ።

«ስሙኝ! ያቃጠልኳቸው እኔ ነኝ። እትዬ ጥሩዬ ነግራኝ አልሰማሁም። ክብር ፈልጌ ነው።»

ያቺው የያኔዋ ተንበርካኪ አሮጊት እጆቿን ወደ ሰማይ አነሳች።

«አይ ትሕትና! እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ ትላለች! ቅዱስ ያደረበት ቤት እንዲህ ያደርጋል!»

እልል አሉ። ለኔ።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ የተሰማኝን ለነፍስ አባቴ እንኳ ነግሬ አልጨረስኩም። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ አለ። ጣፈጠኝ። ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ነው፤ ግን ጣፈጠኝ። ጥሩዬ ብቻዋን እልል ሳትል፣ የመኪናውን በር ዘግታ፣ «ይሂዱ በቃ፤ ሙቀቱ ለቁስል ጥሩ አይደለም» አለች።

ትናንት አያ ደሳለ ደወሉ። በልጃቸው ስልክ ነው። መጀመሪያ ድምፃቸውን ስሰማ «ባቱ ላይ ተቆረጠ» ሊሉኝ መሰለኝ። ቁስሉ ደረቀ አሉኝ። ጫማ ገዝተውልኛል፣ ኪኒኔንም እውጣለሁ አሉኝ። ሲሄዱ አነከስ ይላሉ እንጂ እርሻቸው ድረስ ይደርሳሉ። መሬት ሳምኩ፤ እውነቴን ነው፣ ስልኩን ይዤ ተንበርክኬ መሬት ሳምኩ። ያን ሁሉ ወራት የተሸከምኩት ድንጋይ ከትከሻዬ ወረደ።

«ለሚመጣው ገናም፣ እድሜ ከሰጠኝ፣ እመጣለሁ» አሉ። «በመኪና ነው። ያኔ ያላየሁትን ላይ።»

«ይምጡልኝ አያ ደሳለ! ምን ጊዜም ቤትዎ ነው።»



«ለጥሩዬ ነግሬያታለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «እሷ ቤት ነው የማርፈው። አትቀየሚኝ ልጄ።»

«ኧረ ምን ቆርጦኝ!» አልኩ። ድምፄ እንዴት ለስልሶ እንደወጣ ብትሰሙት ትመርቁኝ ነበር።

ስልኩን ዘጋሁ። የሰውዬው እግር ድኗል። በገዛ እጄ ያቃጠልኩት እግር እየሄደ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምሕረት በዚህ ዓለም ማን አገኘ? እኔ ግን ከመሬት ሳልነሳ፣ ገና ተንበርክኬ፣ ከአፌ ሳይሆን ከሆዴ አንድ ድምፅ ሰማሁ።

«ለምን እሷ ቤት?»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነው የምፈራው።